ምክር በእንግሊዝኛ፦ የቱ ጋ ልለስልስ፣ የቱ ጋ ልቁረጥ

ሥራዬ ሄልፕ ዴስክ ነው። አዲስ አበባ ቁጭ ብዬ አውሮፓና አሜሪካ ላሉ ደንበኞች በቻት መልስ እሰጣለሁ። ኮምፒውተሩን ማወቅ አንድ ነገር ነው። «ይህን አድርግ፣ ያንን አትንካ» የሚለውን፣ ሰው ሳያስቀይሙና ሳያስደነግጡ በእንግሊዝኛ መጻፍ ደግሞ ሌላ ሙያ ነው። ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ እዚህ ላይ እየሠራሁ ነው። ተመሳሳይ ሥራ ላይ ላላችሁ እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የሚያስቸግረን «ይሻላል» ነው። በአማርኛ «ቢጠብቁ ይሻላል» ለስላሳ ምክር ነው፤ ለታላቅም ይባላል። ይህንኑ ይዘን «ዩ ቤተር ዌይት» ስንል ግን ነገሩ ዛቻ ይሆናል። ሙሉው «ዩ ሃድ ቤተር ዌይት» ቢሆንም ያው ነው፤ ከኋላው «አለበለዚያ ዋ!» የሚል ነገር አዝሏል። አለቃ ለሚያረፍድ ሠራተኛ ይለው ይሆናል እንጂ ለደንበኛ አይጻፍም። እኔ አሁን በቦታው የማስገባው «አይድ ዌይት» የሚለውን ነው። እኔ ብሆን እጠብቃለሁ፣ በቃ። ረጅሙ «ኢፍ አይ ወር ዩ፣ አይድ ዌይት» ነው፤ ተናጋሪዎቹ ግን የፊቱን ብዙ ጊዜ ይተዉታል። የዚህ ወንድም «አይድ ሆልድ ኦፍ» ነው፤ ለጊዜው ልተወው እንደማለት። «አይድ ሆልድ ኦፍ ኦን ዘ አፕዴት አንቲል መንደይ።» ዓርብ ማታ አፕዴት ልጫን የሚል ደንበኛ የገጠመው ሰው ይህችን ሐረግ ይወዳታል።

ሰዋስዉን በአጭሩ ልለፈው። «አይ ሰጀስት ዩ ቱ ቼክ» አይባልም። «አይ ሰጀስት ቼኪንግ» ወይም «አይ ሰጀስት ዩ ቼክ» ነው። «አድቫይዝ» ግን «ቱ»ን ይፈልጋል፤ «አይ አድቫይዝ ዩ ቱ ቼክ» ትክክል ነው፤ ትንሽ የጠበቃ ሽታ አለው እንጂ። «አድቫይሰስ» የሚባል ብዙ ቁጥር የለም። ሁሉም ከተምታታባችሁ «አይድ ሬኮሜንድ ቼኪንግ» ብሎ መገላገል ነው።

«ካይንድሊ»ን ግን ሳላነሳት አላልፍም። እንግሊዝኛ «እርስዎ» የለውም። ስለዚህ አክብሮቱን የት እናድርገው ብለን በየዓረፍተ ነገሩ «ካይንድሊ» እንሰካለን። የቢሮ ደብዳቤ ያስለመደን ነው። ለብዙ አሜሪካውያን ግን ደረቅና ባለሥልጣን ባለሥልጣን የሚል ቃል ነው። የባሰው ደግሞ የአጭበርባሪ ኢሜይሎች ተወዳጅ ቃል መሆኑ ነው፤ «ካይንድሊ ክሊክ ዘ ሊንክ» ብላችሁ ስትልኩ ደንበኛው ቢጠረጥራችሁ አትፍረዱበት። አንድ «ፕሊዝ» ይበቃል። አክብሮቱ የሚታየው ምክንያቱን ስትነግሩት ነው። ሰውን ለምን እንደሆነ ሳይነግሩ ማዘዝ በ«ፕሊዝ» ብዛት አይስተካከልም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጥንቃቄ ማለት ሁሉን ነገር ማለዘብ ይመስለናል። ምክር ውስጥ ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። አንዱ ስለ ችግሩ ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆንን ነው። ሌላው ሰውየው እርምጃውን መውሰዱ ምን ያህል የግድ እንደሆነ ነው። የመጀመሪያው ላይ ልንጠራጠር እንችላለን። ሁለተኛው ላይ ግን በዚያው ልክ መጠራጠር የለብንም።

አንድ ደንበኛ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ሃርድ ዲስክ ቀጭ ቀጭ ይላል ብሎ ጻፈ እንበል። ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሎቹ ተጠባባቂ ቅጂ፣ የለውም። እኛ ጋ የተለመደው ረቂቅ ይህን ይመስላል፦ «አይ ቲንክ ሜይቢ ኢት ማይት ቢ ጉድ ኢፍ ዩ ኩድ ፖሲብሊ አቮይድ ዩዚንግ ኢት።» ቁጠሩት፤ «አይ ቲንክ»፣ «ሜይቢ»፣ «ማይት»፣ «ኩድ»፣ «ፖሲብሊ»። አምስት ማለዘቢያ በአንድ ትንፋሽ። ደንበኛው ይህን አንብቦ ምን ያደርጋል? አጥፍቶ ያበራዋል። የሚጮኽ ዲስክ በበራ ቁጥር ደግሞ የባሰ ሊጎዳ ይችላል።

እንዲህ ቢባልስ? «ፕሊዝ ሸት ኢት ዳውን ናው ኤንድ ሊቭ ኢት ኦፍ። አይም ኖት ሹር ዬት ዋት ኢዝ ሮንግ፣ ባት ኢፍ ዘ ድራይቭ ኢዝ ፌይሊንግ፣ ተርኒንግ ኢት ኦን አጌን ኩድ ሜክ ዩር ፋይልስ ሃርደር ቱ ሪከቨር።» አጥፋው፣ አታብራው፤ ይህ ያልለዘበ ነው። «ገና አላወቅሁም» የሚለው ጥርጣሬ ግን በቦታው አለ፣ ምክንያቱም አለ። «ኩድ» አንድ ጊዜ ብቻ ገባች፤ የገባችውም በእርግጥ በማይታወቀው ነገር ላይ ነው። ሰውየው የተቆጣነው አይመስለውም፤ የምንጨነቅለት መሆኑ ይገባዋል።

ማለዘቢያ ቃላት ራሳቸው ምን ያህል እንደሚያሳስቱ ለማየት የሸርማን ኬንትን ታሪክ ማንበብ ነው። ኬንት በአሜሪካው የስለላ ድርጅት በሲአይኤ የትንበያ ሰነዶችን ከሚያዘጋጁት ሰዎች አንዱ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. አንድ ሰነድ ዩጎዝላቪያ በዚያ ዓመት ልትወረር የምትችልበትን ዕድል «ሲሪየስ ፖሲቢሊቲ» ሲል ገለጸው። አንድ የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣን «ምን ማለታችሁ ነው?» ሲለው ኬንት «65 ለ35፣ ወደ መወረሩ ያደላል» አለ። ባለሥልጣኑ ደነገጠ፤ እሱ የተረዳው ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ኬንት ተመልሶ ሰነዱን አብረውት ያጸደቁትን ባልደረቦቹን ጠየቀ። አንዱ 80 ለ20 ይላል፣ ሌላው 20 ለ80። ሁሉም በአንድ ሐረግ ተስማምተው ፈርመዋል! በ1964 ባወጣው ጽሑፍ ቃላቱን ከቁጥር ጋር ሊያያይዛቸው ሞከረ፤ ለምሳሌ «ፕሮባብል» ወደ 75 በመቶ፣ «ኦልሞስት ሰርተን» ወደ 93 በመቶ።

ለደንበኛ በመቶኛ እንጻፍ ማለቴ አይደለም። ግን «ፕሮባብሊ» ከመጻፌ በፊት ከአራቱ ሦስቱን ያህል አምናለሁ ወይ ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ካላመንኩ «ኢት ኩድ ቢ» እላለሁ። ምንም ፍንጭ ከሌለኝ ደግሞ «አይ ዶንት ኖው ዬት» ማለት ነው፤ በሥራችን ነውር የለውም።

የእርምጃው ክብደት ላይ ደግሞ የኔትወርክ ሰዎች ጥሩ ልማድ አላቸው። በ1997 የወጣው አርኤፍሲ 2119 የሚባለው ሰነድ «መስት»፣ «ሹድ» እና «ሜይ» በቴክኒክ ሰነዶች ውስጥ ምን ማለት እንደሆኑ ይደነግጋል። «መስት» ግዴታ ነው። «ሜይ» እንደ ፈቃድህ ነው። «ሹድ» በመካከል ነው፤ በቂ ምክንያት ካለህ መተው ትችላለህ፣ መዘዙን ግን አስቀድመህ መዝነው። በቻት እንዲህ ድርቅ ብለን አንጽፍም። ግን ከመጻፌ በፊት የትኛው ነው የምለው ብዬ መለየቴ ዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ያህል ይጽፍልኛል።

«ዩ ማይት ዋንት ቱ» ለየት ያለ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፊት ለፊት ቃሉ «ልትፈልግ ትችላለህ» ነው፤ እንግሊዛዊ «ዩ ማይት ዋንት ቱ ባክ ዛት አፕ» ሲልህ ግን አሁኑኑ ባክአፕ አድርግ ማለቱ ሊሆን ይችላል። እኔ ከእነሱ ስሰማው እንደ ምክር ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ እወስደዋለሁ። ስጽፍ ግን አንባቢዬን አያለሁ። እንግሊዝኛ እንደኔው ሁለተኛ ቋንቋው ለሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ለፖላንድ ወይም ለብራዚል ደንበኛ፣ «ብፈልግ ነው እንጂ ግድ አይደለም» የሚል ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። ለእሱ «አይ ሬኮሜንድ ባኪንግ ኢት አፕ ፈርስት» የተሻለ ነው።

ነገሩ ካለፈ በኋላ ደግሞ «ዩ ሹድ ሃቭ ባክድ ኢት አፕ» የሚባል መርዝ አለ። ሰዋስዉ ንጹሕ ነው፤ ዓላማው ግን ወቀሳ ነው። ፋይሉ የጠፋበት ሰው ይህን ራሱ ያውቀዋል። «ፎር ኔክስት ታይም፣ ኢትስ ወርዝ ተርኒንግ ኦን አውቶማቲክ ባክአፕ» በቂ ነው። ከ«ወርዝ» በኋላ «ኢንግ» እንዳይረሳ።

አሁን የምለማመደው ስልክ ላይ ነው። በቻት የተጻፈ ነገር ተመልሶ ይነበባል፤ በስልክ ግን ያመለጠ ቃል አለቀ። አሜሪካውያን «ካን» እና «ካንት»ን ሲያፈጥኑት መለየት ከባድ ነው፤ እኔም ስናገር ለእነሱ ያው ነው። ስለዚህ በስልክ «ካንት» ከማለት «ካኖት» እላለሁ። ከዚያም በላይ የጠቀመኝ አሉታዊውን ትእዛዝ ወደ አዎንታዊ መለወጥ ነው። ራውተር ፈርምዌሩን (የውስጥ ፕሮግራሙን) እያደሰ እያለ ኃይል ከተቋረጠ ዕቃው ጨርሶ ሊሞት ይችላል። መስመሩ እየተቆራረጠ «ዶንት አንፕላግ ኢት» ስል «ዶንት» ከተዋጠች ሰውየው የሚሰማው «አንፕላግ ኢት» ብቻ ነው። ስለዚህ «ሊቭ ኢት ፕላግድ ኢን» እላለሁ፤ ከዚያ «አንቲል ዘ ላይት ተርንስ ግሪን» እጨምርና የነገርኩትን መልሶ እንዲነግረኝ እጠይቀዋለሁ።