ሰባት ጊዜ ለተገናኘንበት ኮርስ

ለመመረቅ የቀረችኝ አንዲት ኮርስ ነበረች፤ እሷም በዚያ ሴሚስተር አልተከፈተችም። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «ኢንዲፔንደንት ስተዲ አድርገህ ውሰዳት» ሲሉኝ በሆዴ ደስ አለኝ። በአማካሪ እየታገዝኩ ለብቻዬ የማጠናው ኮርስ ነው፤ ክፍል የለ፣ ሌክቸር የለ፤ ክፍያው ቢበዛ ግማሽ ነው ብዬ አሰላሁ። ማንም እንዲህ አላለኝም፣ ራሴው ነኝ ያልኩት።

ሬጅስትራር መስኮት ላይ የተሰጠኝ ወረቀት ግን 3 ክሬዲት (በሳምንት ሦስት የክፍል ሰዓት ማለት ነው) በአንድ ክሬዲት ዋጋ ተባዝቶ ነው የመጣው። ከሥሩ ደግሞ የላብራቶሪ ክፍያ አለ። የማጠናው ታሪክ ነው! «ስህተት ይኖረው ይሆን?» ብዬ ጠየቅኩ። ልጅቷ ፎርሙን ገለጥ አድርጋ አየችና «ክሬዲቱ ሦስት አይደል?» አለችኝ። በቃ።

እልህ ይዞኝ በደብተሬ ጀርባ መመዝገብ ጀመርኩ። ከአማካሪዬ ጋር በሴሚስተሩ 7 ጊዜ ተገናኘን፣ በአማካይ 40 ደቂቃ፤ አንዱን ቀን እንዲያውም ደረጃ ላይ ቆመን ነው ያወራነው። ሲደመር 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ኮርሱ በክፍል ቢሰጥ በ15 ሳምንት 45 ሰዓት ነበር። በተለመደው ስሌት ለአንድ የክፍል ሰዓት ሁለት ሰዓት የቤት ሥራ ይታሰባል፣ ያ 90 ነው። እኔ ዘንድ የመምህሩም ድርሻ ወደኔ ዞሮ፣ ራሴን ለማስተማር ከፈልኩ።

ይህ የሰዓት ቆጠራ ሥሩ የሚገርም ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካ ውስጥ የካርኔጊ ፋውንዴሽን ለኮሌጅ መምህራን ጡረታ ሊከፍል ሲነሳ፣ ኮሌጆቹ የሚቀበሏቸውን ተማሪዎች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሰዓት በተሰፈረ መለኪያ እንዲመዝኑ ጠየቀ። ቆጠራው ቀስ በቀስ ኮሌጅ ውስጥም ገባ፤ ክፍያ የሚሰበስቡት ቢሮዎችም ያዙት። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚሸጠው ክሬዲቱ ነው፤ ማን አስተማረህ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ለአማካሪዬ ብሶቴን ስነግራቸው ሳቁ። «ከሱ ላይ ለኔ የሚደርሰኝ መስሎህ ነው?» አሉኝ። አንድን ተማሪ ማማከር ከማስተማር ጫናቸው አይቆጠርም፤ ይህ እሳቸው ጋ ብቻ ያለ ነገርም አይደለም። 28 ገጽ ጽሑፌን ግን በቀይ እስክሪብቶ ዳር እስከ ዳር አንብበውልኛል፤ የአንድ ምንጭ የገጽ ቁጥር ስህተት ሳይቀር አግኝተውብኛል። እዚያ ላይ ቁጣዬ በረደ። ክፍያው ለሳቸው ቢሆን ኖሮ አላጉረመርምም ነበር።

ያበገነኝ ሌላ ነው። የክፍያ ሠንጠረዡን ዘግይቼ አነበብኩት። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ከ12 እስከ 18 ክሬዲት ቢይዝ ክፍያው አንድ ነው፤ ከ12 በታች ሲሆን ነው በክሬዲት የሚቆጠረው። ኢንዲፔንደንት ስተዲም ከሌላው ኮርስ እኩል እዚያው ውስጥ ይገባል። ባለፈው ሴሚስተር የያዝኩት 13 ክሬዲት ነበር፤ ይህችን 3 ያኔ ብጨምርባት 16፣ ለክሬዲቱ ምንም ተጨማሪ አልከፍልም ነበር።