«ፕሮፌሰር ሆንክ አሉ» ለምትሉኝ

ሰሞኑን ኢንቦክሴ «ፕሮፌሰር ሆንክ አሉ፣ እንኳን ደስ ያለህ፣ እስቲ ስኮላርሺፕ ፈልግልን» በሚል ሞልቷል። አመሰግናለሁ፣ ግን ነገሩ እንደምታስቡት አይደለም።

እዚህ አሜሪካ የማስተምረው ሎው ብራስ ነው፣ ወፍራም ድምፅ ያላቸውን የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያዎች፣ ትሮምቦን፣ ዩፎኒየም፣ ቱባ። አገር ቤት ማርሽ ባንድ እያለሁ ትሮምቦኔን ነፍቼ ወደ ቤቴ ነበር፣ እዚህ ግን ትንሽ ኮሌጅ ከሆነ ለሦስቱም አንድ ሰው ነው የሚቀጥሩት፣ በዛ ላይ ቲዎሪ አስተምር ይሉሃል፣ ቅዳሜ ደግሞ የአሜሪካን ፉትቦል ሜዳ ወጥተህ ማርሺንግ ባንዱን እርዳ። እናቴ «ጥሩምባ ለመንፋት ነው እንዴ ዶክተር የሆንከው?» ብላ ስቃብኛለች። ሰፈራችን ጥሩምባ የሚነፋው የእድር ለፋፊ ብቻ ስለሆነ አልፈርድባትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የገባሁት በዓመት ኮንትራት ነበር፣ ሲያድሱልኝ ሲያድሱልኝ ቆዩና ቦታውን ቋሚ አድርገው በማስታወቂያ አወጡት፣ አንተም እንደማንኛውም ሰው ተወዳደር ተባልኩ። እሺ። ሪሳይታል (የራሴን ኮንሰርት) ተጫወትኩ፣ ከኮሚቴው ጋር ምሳ ተባለ (ረቡዕ ነበር፣ ሰላጣ ሳገላብጥ እነሱ ስቴካቸውን ጨረሱ)፣ ከዛ የማስተማር ፈተና። ክፍሉን ከፍቼ ስገባ ተደርድረው የተቀመጡት የራሴ ተማሪዎች! የትሮምቦን ስላይድ (የሚሳበውን ቱቦ) አያያዝ ከዜሮ ያስያዝኩት ልጅ እግሩን አነባብሮ፣ የግምገማ ፎርም ጭኑ ላይ አድርጎ፣ በስሜ ጠርቶኝ «ለምንድነው እዚህ ማስተማር የምትፈልገው?» አይለኝም? አስተማሪ ሲገባ ብድግ ብለን ላደግን ሰዎች ይሄ ምን ይባላል። ልጁ ግን ክፋት የለውም፣ ፎርሙ ላይ የተጻፈውን ነው ያነበበው።

አንዷ ደግሞ «አገራችሁ ብራስ አለ እንዴ?» አለችኝ። እዚች ጋ ወኔዬ መጣ። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ያመጧቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የብራስ ባንድ ታሪክ፣ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ እንደሠራ አንድ በአንድ ነገርኳት። «ዋው» አለች። ቦታውን ለሌላ ሰው ሰጡት።

አሁን ሁለት ኮሌጅ እየተመላለስኩ በሰዓት ነው የምከፈለው፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ ተማሪ የለም ብር የለም፣ ኢንሹራንስ ከራሴ ኪስ። ኦርኬስትራ ግባ የምትሉኝም አላችሁ። ወንድሞቼ፣ አንድ ኦርኬስትራ ትሮምቦን ሦስት ቢይዝ ነው፣ ቱባማ አንድ፣ የተቀመጠው ሰውዬ ጡረታ እስኪወጣ ደግሞ ማንም አይነካትም። ኦዲሽኑ (የመቀጠሪያ ፈተናው) ላይ መጋረጃ ይጋርዱና ፊትህ አይታይም፣ እሱን እወድላቸዋለሁ፣ ግን ለዛች ወንበር የሚሰለፈው ሕዝብ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ነው የሚመስለው።

ስትነፋ የሚያሳየውን ቪዲዮ የላክልኝ ልጅ፣ አየሁልህ፣ የመሣሪያህ ድምፅ ያምራል። ማስተርስ ልማር ካልክ የትምህርቱን ክፍያ ሙሉ በሙሉ ሸፍኖ አሲስታንትሺፕ (እየሠራህ የሚከፈልህን) የሚሰጥህ ት/ቤት ካላገኘህ ንቅንቅ እንዳትል፣ ወደ ቱባ ልቀይር ያልከውን ደግሞ ተወው፣ ደህናው ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ነው።