ለጠፋ ደንበኛ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ትንሽ የስፖርት ማሠልጠኛ አለችኝ። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ የአገሬ ልጆች ናቸው፦ በፈረቃ የሚሠሩ ነርሶች፣ የታክሲ ሾፌሮች፣ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት አድርሰው የሚመጡ እናቶች። የቀሩት አሜሪካውያን ጎረቤቶቻችን ናቸው።

የፈረንጆቹ ዓመት ሲለወጥ ክፍሉ በሰው ይሞላል፤ መጋቢት ሳይደርስ ይሳሳል። በዚህ ጊዜ የስፖርት ቤት ባለቤት ሁሉ መምጣት ላቆሙ ደንበኞች ኢሜይል ይልካል። የተለመደው «ናፍቃችሁናል፣ ቅናሽ አድርገናል» የሚለው ነው። እኔ በዚህ አላምንም። ሰው ጉልበቱን እያመመው ወይም ሐዘን ላይ ተቀምጦ የዋጋ ቅናሽ ምን ያደርግለታል?

አንዲት ነርስ ድንገት መምጣት ባቆሙ ጊዜ የጻፍኩላቸው ይህን ብቻ ነበር፦ «እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ቁጭ ብድግ ሲሠሩ ግራ ጉልበትዎን እንዳመመዎ ነግረውኝ ነበር። አሁን እንዴት ነው? ጉልበት የማይጫን መልመጃ አዘጋጅቻለሁ። ሐሙስ ይሻልዎታል ወይስ ቅዳሜ?» መልሳቸው በዚያው ሌሊት ከሥራ ቦታቸው መጣ። ጉልበታቸው ደህና ነበር፤ የተለወጠው ፈረቃቸው ነው። «ከሌሊት ሥራ ስወጣ የምደርስበት ሰዓት ይኖርሃል?» ብለው ጠየቁኝ። ለእርሳቸው የከፈትኩት የጠዋት ሰዓት ዛሬ ከሌሊት ፈረቃ በሚወጡ ሠራተኞች የተሞላ ነው። ስለ ሰውየው የማውቀውን አንድ እውነተኛ ነገር ማንሳትና በአንድ ቃል የሚመለስ ጥያቄ መጠየቅ፣ ከማንኛውም የተዋበ ማስታወቂያ ይበልጣል።

የኢሜይሉ ርዕስም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ቁልፉ ሳይከፈት፣ ርዕሱ ማያው ላይ ብቅ ይላል፤ የሥራ ባልደረባም ያነበዋል። ስለዚህ የሰው ክብደት፣ ሕመምና ዕዳ ርዕስ ላይ አይወጣም። የሰዓት ለውጥ ከሆነ ግን ሳይከፈትም እንዲነበብ እዚያው እጽፈዋለሁ፦ «የቅዳሜ ልምምድ ጠዋት 3 ሰዓት ሆኗል»። ለአበሻ ደንበኛ ስጽፍ አጠገቡ 9:00 የሚለውን እጨምራለሁ፤ የስልኩ ሰዓት የሚያሳየው እሱን ነውና።

ለብዙ ሰው አንድ ላይ ሲላክ የደንበኞች አድራሻ እርስ በርስ እንዳይታይ ማድረግ ግዴታ ነው እላለሁ። በፈረንጆቹ 2003 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የማስታወቂያ ኢሜይል የድርጅቱን የፖስታ አድራሻና ከዝርዝር መውጫ መንገድ እንዲይዝ ያዛል። «አትላኩልኝ» ያለ ሰው በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ መውጣት አለበት። ሕጉ ትንሽ ድርጅት ብሎ አይምርም።

የጾም ወቅት ሲመጣ ኢሜይሌ ይለወጣል። 55 ቀን ሁዳዴ ለሚጾም ሰው የእንቁላልና የዶሮ ዝርዝር መላክ ደንበኛን አለማወቅ ነው። ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ እያሉ! በረመዳንም ለሙስሊም ደንበኞቼ ከማፍጠሪያ በፊት ቀለል ያለ፣ ከማፍጠሪያ በኋላ ጠንከር ያለ ልምምድ አቀርባለሁ፤ ምርጫው የእነርሱ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ስለ ክፍያ የሚጻፈው ነው። የእኛ ሰው ይሉኝታ አለበት፤ ገንዘብ ሲያጥረው «አልቻልኩም» ከማለት መጥፋት ይቀለዋል። ቤተሰብ ለሕክምና ብር ጠይቆት የስፖርቱን የወር ክፍያ ወደ አገር ቤት የላከ ሰው፣ ያንን ለአሠልጣኙ ሊያስረዳ አይገባም። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሰው ጨርሶ ይርቃል። ስለዚህ ምክንያቱን ሳልጠይቅ መውጫውን አስቀድሜ እጽፍለታለሁ፦ «የዚህ ወር ክፍያ አልደረሰንም። ከፈለጉ አባልነትዎን ለሁለት ወር ያለ ምንም ክፍያ ማቆየት ይችላሉ፤ ቦታዎ ይጠበቃል። ‹ይቆይ› ብለው ቢመልሱልኝ ይበቃል።»

ብዙዎቹ ያንኑ አንድ ቃል ይልካሉ። አንዳንዶች ከወር በኋላ ሳይጠሩ በሩን ከፍተው ይገባሉ፤ የቆየውን ሒሳብ ማንም አያነሳባቸውም።