ፖለቲካል ሳይንስ፦ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆኜ የማየው

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስተኛ ዓመትን አጋምሻለሁ። ትምህርቱን ለመጀመር የምታስቡ ስላላችሁ እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

ስገባ ዜና መከታተልና መከራከር መውደዴ የሚበቃ መስሎኝ ነበር። የመጀመሪያው ጽሑፌ "አቋምሽ ገብቶኛል፣ ማስረጃሽስ?" ተብሎበት ተመለሰ። ያኔ በጣም ከፋኝ። አሁን ግን ምንም ነገር ሳነብ ቀድሜ የማነሳው ጥያቄ እሱ ነው።

አንደኛ ዓመት ባብዛኛው ከቃላት ጋር መታገል ነው፤ ግን አይሰለችም። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ማክስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1919 ባደረገው ንግግር አገረ መንግሥትን የገለጸው፣ በአንድ ግዛት ውስጥ ቅቡልነት ያለውን ኃይል የመጠቀም መብት ለብቻዬ ነው የሚል አካል አድርጎ ነው። ኃይልማ ሽፍታም አለው። ክፍሉን ለሁለት ከፍላ ያከራከረችን "ቅቡልነት" የምትለዋ ቃል ናት፦ ማን ነው የሚሰጠው? ከተሰጠስ በኋላ መልሶ መንሳት ይቻላል? የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛውያን ፈላስፎች ሆብስና ሎክ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ሎክ አዎ ይላል፤ ሆብስ ግን የእርስ በርስ ጦርነት ስላየ ይመስለኛል፣ ያንን በር ይዘጋዋል።

ሁለተኛ ዓመት ላይ ልቤን የወሰደው የምርጫ ሥርዓት ነው። እስቲ ወረቀት አውጡና አብረን እንሥራው። አምስት ወንበር አለ፤ ሦስት ፓርቲዎች 40፣ 35 እና 25 ሺህ ድምፅ አገኙ እንበል። ድምፁ በአምስቱም የምርጫ ክልሎች በዚሁ መጠን ከተከፋፈለ፣ በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት (በየምርጫ ክልሉ ከሁሉም የበለጠ ድምፅ ያገኘው ብቻ ወንበሩን በሚወስድበት) የመጀመሪያው ፓርቲ አምስቱንም ይጠቀልላል፤ ያውም 60 ሺህ ሰው ሌላ መርጦ። አሁን ደግሞ ወንበርን በድምፅ መጠን በሚያከፋፍለው በዶንት ቀመር የየፓርቲውን ድምፅ ለ1፣ ለ2፣ ለ3 እያካፈላችሁ አምስቱን ትልልቅ ውጤቶች ያዙ። 40፣ 35፣ 25፣ 20 እና 17.5 ይመጣሉ። ወንበሩ 2፣ 2፣ 1 ሆነ ማለት ነው። ይህን በእጄ ሠርቼ ሳየው ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። በብሪታኒያም እ.ኤ.አ. በ2024 የሌበር ፓርቲ 33.7 በመቶ ድምፅ ይዞ ከ650 ወንበሮች 411 ያገኘው በአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ነው።

ያልጠበቅኩት ስታቲስቲክስ ነው። ሒሳብ ሸሽቶ የሚመጣ ካለ ከወዲሁ ይወቀው። ሀብታም አገሮች ብዙዎቹ ዴሞክራሲ አላቸው፤ ሀብቱ ዴሞክራሲውን አመጣው ወይስ ከመጣ በኋላ እንዳይፈርስ ያዘው? ሁለቱን ለመለየት መረጃውን ስንገላብጥ አንድ ሴሚስተር አለቀ።

ንባቡ ብዙ ነው። እኔ መግቢያውንና መደምደሚያውን ቀድሜ አነብና የጸሐፊውን መከራከሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ ነው ወደ መሀሉ የምገባው። አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተኝ አልገባኝም ማለት ነው፣ እመለሳለሁ።

አሁን ለመመረቂያ ጽሑፌ ጥያቄ እየመረጥኩ ነው። የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት ወደ ሁለት ፓርቲ ይገፋል ይባላል። ካናዳና ሕንድ ግን በዚሁ ሥርዓት እየመረጡ ፓርላማቸው ውስጥ ብዙ ፓርቲ አለ። ለምን? በዚህ ላይ የሠራችሁ ካላችሁ፣ ከየትኛው አገር ልጀምር?