ሳይነክስ የሚይዝ መፍቻ

ከአንድ የወተት ማቀነባበሪያ ጥገና ክፍል ወደ ማሽን ሾፑ የመጣው ማዘዣ አንዲት መስመር ነበር፦ «ቧንቧ አጥብቆ የሚይዝ፣ ምልክት የማይተው መፍቻ፣ 2 ፍሬ።» ልኬት የለው፣ የቧንቧ ዓይነት የለው። ደግነቱ ከወረቀቱ ጋር የተቆረጠ የስቴንለስ ቧንቧ ቁራጭ ልከዋል። በጎኑ ላይ የፓይፕ ሬንች (ባለጥርስ የቧንቧ መፍቻ) ጥርስ የተከታተለ ጭረት ጥሎበታል፣ ጭረቱ ውስጥ ቀይ ዝገት ብቅ ብሏል። ወደ ብርሃን አዙረው በቀዳዳው ሲያዩት ደግሞ ግድግዳው ወደ ውስጥ ጎበጥ ብሎ ገብቷል።

ዝገቱን ያየ ሁሉ «ስቴንለሱ ፎርጅድ ነው፣ ቻይና ነው» ማለት ይቀናዋል። ስቴንለሱ ምንም አልሆነም። የዛገው ከመፍቻው ጥርስ ተፍቆ ጭረቱ ውስጥ የቀረው ተራ ብረት ነው። ጥራት ተቆጣጣሪዋን ያስቆጣት ግን ከዝገቱ ይልቅ የውስጡ ጉብታ ነበር። ወተት የሚያልፍበት ገጽ ልሙጥ ካልሆነ መስመሩ ሲታጠብ የማጠቢያው ሶዳ የማይደርስበት ጥግ ይፈጠራል፣ እዚያ የቀረ ወተት ደግሞ ምን እንደሚሆን ለወተት ሰው አይነገርም። ስለዚህ ያ ቁራጭ ተቆርጦ ወጣ፣ በቦታው አዲስ ተበየደ፣ መስመሩም ሲጠብቅ ዋለ።

ቧንቧ ለምን መያዝ አስፈለገ የሚል ካለ፦ መስመሩ በጀርመን ስታንዳርድ የተሠራ ባለ50 ነው፤ 50 የውስጥ ስፋቱ ነው። የውጭ ስፋቱ 53 ሚሊ፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚሊ። መገጣጠሚያው ላይ ያለው ባለጎድጎዳ ዳዶ ጥርሱ ክብ ነው፣ 78 ሚሊ፣ በኢንች 6 ጥርስ። የሚፈታው ጥፍሩ ጎድጎዳው ውስጥ በሚገባው በባለጥፍሩ መፍቻ ነው። ስቴንለስ በስቴንለስ ላይ ሲጠብቅ ይናከሳል፤ በዚያ ላይ የወተት ድንጋይ፣ ማለትም ከወተት የቀረ ደረቅ ቅርፊት፣ በዳዶው ጥርስ መሃል ይገባና ይጋግራል። ያኔ ዳዶው ብቻውን አልዞርም ይልና ቧንቧውን ይዞ ይዞራል። ቧንቧው ደግሞ ሜትር ሳይርቅ ኤልቦ (መታጠፊያ) ላይ ተበይዷል። እዚያ ላይ አንድ ሰው ቧንቧውን ካልያዘ ብየዳው ነው የሚጠመዘዘው።

ሥራው ለወጣቱ ኢንጂነር ተሰጠ። በጥቂት ቀናት ውስጥ በኮምፒዩተር የተሳለ፣ በሦስት ጎን የሚታይ፣ ጥላ ሳይቀር ያለው ሥዕል ይዞ መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ባለ18 ኢንች ፓይፕ ሬንች ይወሰድ፣ የሁለቱም መንጋጋ ጥርስ በመፍጫ ይላጥ፣ በቦታው 8 ሚሊ ውፍረት ያለው ናይለን በቡሎን ይታሰር። ፎርማኑ አየው፣ ወደደው፣ ፈረመበት። ቶርኖ ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ ሥዕሉን ዘቅዝቀውም አቃንተውም አዩት።

«ኢንጂነር፣ ጥርሱን ካወለቅከው በምን ሊይዝ ነው?»

«በግፊት ነዋ ጋሼ። እንዳይነክስ ነው እኮ የተፈለገው።»

«ግፊቱን ማን ይችለዋል?»

«መንጋጋው የተቀጠቀጠ ብረት ነው፤ ይችላል።»

«መንጋጋውን መቼ ጠየቅኩህ።»

ኢንጂነሩ ትንሽ ዝም አለና «ቧንቧውም ቢሆን ስቴንለስ ነው፤ ከተራ ብረት ይጠነክራል» አለ። ሽማግሌው ሥዕሉን በጥንቃቄ አጥፈው መለሱለትና ወደ ቶርኗቸው ዞሩ። ያቺ መልስ በሾፑ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ስትጠቀስ ኖራለች፤ ጠንካራ የሆነ ነገር ሲሳሳ ጥንካሬው አብሮት እንደሚሳሳ ለማይገባው ሰው ሁሉ።

ፓይፕ ሬንች እንዴት እንደሚይዝ ላስታውስ። ዳንኤል ስቲልሰን እ.ኤ.አ. በ1869 አሜሪካ ውስጥ ፓተንት ያወጣበት ዘዴ፣ ጥርስ ያለው የላይኛው መንጋጋ በቤቱ ውስጥ ላላ ብሎ እንዲወዛወዝ ማድረጉ ላይ ነው። እጀታው ሲጎተት መንጋጋው ያዘነብላል፣ ጥርሱ ቧንቧው ውስጥ ትንሽ ይሰምጣል፣ በጎተቱት ቁጥር ይበልጥ ይጠብቃል። ለዚህ ነው በመንጋጋው ጀርባና በቧንቧው መሃል አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተው የሚባለው። ጀርባው ቧንቧውን ከነካ መንጋጋው መወዛወዙን ያቆማል፣ መፍቻውም ይንሸራተታል። ስዊድናዊው ዮሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው ባለሁለት እጀታው ቅርጹ ይለይ እንጂ እሱም ቢሆን በጥርስ ነው የሚኖረው። እንግዲህ ጥርሱ ጉዳት ብቻ ቢመስልም ጠቃሚ ሥራ ይሠራል፦ በትንሽ ግፊት ብዙ እንዲያዝ ያደርጋል። ጥርሱን ሲያነሱት ያንን ሥራ ሰበቃው (የሁለቱ ገጽ መፋተግ) ብቻውን ይሸከመዋል፣ ሂሳቡም እዚህ ላይ ነው የሚመጣው።

ባለጥፍሩ መፍቻ እጀታው 40 ሳንቲም ቢሆንና ሰውዬው በ50 ኪሎ ጉልበት ቢስበው፣ ቧንቧውን የሚያዞረው ኃይል 200 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ደረቅ ናይለን በስቴንለስ ላይ ሰበቃው 0.2 ይያዝለት። ቧንቧውን ከሁለት በኩል ብቻ የሚጫን መንጋጋ ይህን ለማቆም 200ን ለ0.2 ከዚያም ለ0.053 ሜትር ማካፈል አለበት፤ የሚወጣው ወደ 19,000 ኒውተን ነው። ሁለት ቶን ሊሞላ ምንም አልቀረው። አሁን ከዚያው ቧንቧ እንደ መንጋጋው ስፋት 25 ሚሊ የሚሆን ቀለበት ቆርጣችሁ ሞርሳ ውስጥ ብትጫኑት፣ ወደ 50 ኪሎ ሲደርስ መጠፍጠፍ ይጀምራል። ሙሉ ቧንቧ ሲሆን ግራና ቀኙ ያለው አካል ያግዘዋል፣ ብዙ እጥፍ ይችላል እንበል። ሁለት ቶን ግን የትም አይደርስም።

መፍቻው ተሠራ፤ ፊርማ ያለው ሥዕል ነው፣ ማን ይከለክላል። ሙከራው ሾፑ ውስጥ በዚያው ዓይነት ቧንቧ ላይ ተደረገ። መጀመሪያ ተንሸራተተ። የመፍቻውን ማጥበቂያ ዳዶ አጠበቁት፣ ደግሞ ተንሸራተተ፣ ናይለኑም በቡሎኑ ቀዳዳ በኩል መተርተር ጀመረ። ከዚያ አንድ ጉልበተኛ ረዳት በእጀታው ላይ ሌላ ቧንቧ ሰክቶ ተንጠለጠለበት፤ ያኔ ያዘ። ሲፈታ ቧንቧው ላይ አንድም ጭረት አልነበረም። በካሊፐር ሲለካ ግን 53 የነበረው በአንድ በኩል 50፣ በሌላው 56 ገደማ ሆኗል። «ምልክት የማይተው» የሚለው መስፈርት ግን ተሟልቷል፤ ፎርማኑ ይህን ያለው እየሳቀ ነው፣ ኢንጂነሩ አልሳቀም።

ቀጥሎ የመጣው ባለቺንጋ መፍቻ ነበር፣ ከገበያ የተገዛ። ይህ እንኳ ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ቺንጋው ቧንቧውን ስለሚጠመጠም ግፊቱን ዙሪያውን ያካፍለዋል፣ በሳቡት ቁጥርም ይጠብቃል። ችግሩ ጥንካሬው በሰበቃው ላይ በጣም መንጠልጠሉ ነው። ሦስት አራተኛ ዙር የተጠመጠመ ቺንጋ ሰበቃው 0.4 ሲሆን የላላውን ጫፍ ኃይል ከ6 እጥፍ በላይ ያበዛዋል። ሰበቃው 0.1 ሲሆን 1.6 እጥፍ ብቻ። ወተት ፋብሪካ ውስጥ ደግሞ ደረቅ ቧንቧ ከየት ይመጣል? የሶዳ ውሃና የወተት ቅባት የቀባው ቧንቧ ላይ ቺንጋው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። መጀመሪያ በሞቀ ውሃ አጥበው፣ ከዚያ በአልኮል ጠርገው ካደረቁት ሥራውን ይሠራል፤ ዛሬም ቢሆን ለቀላል መፍታት እሱን ነው የሚጠቀሙት። ለጋገረ ዳዶ ግን አልበቃም።

ሽማግሌው እስከዚያ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አንድ ከሰዓት ከቁርጥራጭ መደርደሪያው ላይ 120 ሚሊ የሆነ የናይለን ክብ አውጥተው በ60 ሚሊ ርዝመት ቆረጡ። በሴጌቶ መሃል ለመሃል ለሁለት ከፈሉት፣ የተከፈለውን ገጽ አስተካከሉ። ከዚያ ያደረጉት ነው መታየት የነበረበት፦ በሁለቱ ግማሾች መሃል 2 ሚሊ ላሜራ አስገብተው በአራት ባለ8 ቡሎን አሰሩና፣ እንዳለ ቶርኖው ላይ አስረው ልክ 53 አድርገው በሱት። ናይለን ሲበሳ ስለሚሞቅ ሞቆ ከተለካ ይዋሻል፤ እስኪበርድ ጠብቀው ለክተው ነው የጨረሱት። የብረት ብናኝ ናይለኑ ውስጥ ከተሰካ እሱም ይጭራልና ቀዳዳውን በአየርና በጨርቅ ደጋግመው አጸዱት። በመጨረሻ ላሜራውን አወጡት።

የላሜራው ነገር ሲታይ ትንሽ ነው፣ ሙሉ ሥራው ግን እሱ ላይ ነው። ላሜራ ሳይገባ 53 ተበስቶ ቢሆን ሁለቱ ግማሾች ቧንቧውን ሳያጠብቁት በፊት እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ ቡሎኑን ምንም ብታጠብቅ የምታጠብቀው ናይለኑን በናይለን ላይ ነው። 2 ሚሊው ክፍተት ሲኖር ግን የእያንዳንዱ ግማሽ ቅስት ከቧንቧው ጋር ልክ ነው፣ መጥበቂያ ቦታም አለው። ቀዳዳው ከቧንቧው ሲሰፋ እያንዳንዱ ግማሽ የሚነካው በመሃሉ ባለ አንድ መስመር ብቻ ነው፣ ተመልሶ ባለሁለት መንጋጋ ይሆናል። ሲጠብ ደግሞ በአራቱ ጠርዞች ይጫናል።

በአንደኛው ግማሽ ላይ ባለ40 ሳንቲም የስቴንለስ እጀታ በሳህን ታሰረ። አሉሚንየም ለምን አይሆንም ያለ ነበር። ቀላል ነው፣ ይሠራል፣ ግን ሶዳ ይበላዋል፤ ወተት ፋብሪካ ውስጥ አሉሚንየም ዕድሜ የለውም። እንጨትም ተነሥቶ ነበር፦ የወይራ ግማሾች ሞርሳ ውስጥ ቧንቧ ለመያዝ ወደር የላቸውም፣ ጥራት ክፍል ግን እንጨት በር ላይ ነው የሚመልሰው።

ሂሳቡን እንድገመው። 60 ሚሊ ስፋት ያለው ናይለን 53ቱን ዙሪያውን ከያዘ፣ ያው 200 ኒውተን ሜትር በ0.2 ሰበቃ የሚጠይቀው ግፊት በካሬ ሚሊ 3.8 ኒውተን ብቻ ነው። ይህ በቧንቧው ግድግዳ ላይ የሚያመጣው ውጥረት በካሬ ሚሊ 67 ኒውተን ገደማ ነው፤ ስቴንለሱ ቅርጹን ለመቀየር ከ200 በላይ ይፈልጋል። እያንዳንዱ ቡሎን 3,000 ኒውተን ይስባል፣ ለዚህ 5 ኒውተን ሜትር ይበቃዋል፤ በ10 ሳንቲም ቁልፍ የ5 ኪሎ ጉልበት ማለት ነው። ቧንቧው ረጥቦ ሰበቃው በግማሽ ቢወርድ እጥፍ ማጥበቅ ነው፣ ያኔም አይጎዳም።

ሙከራ ላይ ኢንጂነሩ፣ ሽማግሌው ቡሎኖቹን በሁለት ጣት ሲያጠብቋቸው አይቶ «ጋሼ፣ አልጠበቀም እኮ» አላቸው።

«ሳበው።»

ሳበው። ጨምሮ ሳበው። ሞርሳው የታሰረበት ጠረጴዛ ተንቀሳቀሰ፣ ቧንቧው አልዞረም። ካሊፐሩን ያነሣው ራሱ ኢንጂነሩ ነው፤ 53 ነበር፣ በየትኛውም በኩል።

ለበላይ የቀረበው ሪፖርት «የተሻሻለ የቧንቧ መያዣ ዲዛይን» ይላል። ባለ ሦስት ጎኑ ሥዕል አለው፣ ሂሳቡም አለው፣ ሂሳቡ ደግሞ ትክክል ነው። ላሜራው ግን የለም። ሥዕሉ ላይ ሁለቱ ግማሾች ተገጣጥመው ቀዳዳው 53 ተብሎ ነው የተጻፈው። ሽማግሌው በሪፖርቱ «ድጋፍ ያደረጉ ባለሙያ» ተብለው ተጠቅሰዋል። በዚያ ሥዕል ሌላ ሾፕ መያዣ ቢሠራ ምን እንደሚይዝለት እነሱ ይወቁት።

በነገራችን ላይ ፋብሪካው መያዣውን ብዙም አልተጠቀመበትም። ጥገና ክፍሉ ዳዶዎቹን ሲገጥም ለምግብ ፋብሪካ የተፈቀደ ግራሶ ጥርሱ ላይ መቀባት ጀመረ፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ያበጠውን ጎሚኒ በጊዜው መቀየር ጀመረ፣ ዳዶዎቹም በባለጥፍሩ መፍቻ ብቻ ይፈቱ ጀመር። ይህን ከመጀመሪያው ቢያደርጉት ማዘዣውም አይጻፍም ነበር፤ ፎርማኑ ግን ይህ ሐሳብ ብዙም አይጥመውም፣ ሥራ ሥራ ነው።

በኋላ አንዱ መያዣ ተመልሶ መጣ፣ «አይይዝም» ከሚል ቅሬታ ጋር። ለካ ፋብሪካው አዲስ የገጠመው መስመር በኢንች ስታንዳርድ የመጣ ነው፤ ሁለት ኢንች፣ የውጭ ስፋቱ 50.8። በዓይን ከ53ቱ አይለይም። ሽማግሌው መያዣውን አገላብጠው አዩ፤ ጎኑ ላይ ራሳቸው በቁጥር ማተሚያ የመቱት «53» ቁልጭ ብሎ ይታያል። ኢንጂነሩ ቀለም እንቀባበት፣ ለ50.8ቱ ሰማያዊ፣ ለ53ቱ ቀይ ብናደርግ አለ።

«ቁጥር ያላነበበ ቀለም ያያል?» አሉና፣ ለ50.8ቱ የሚሆን ናይለን ፍለጋ ወደ ቁርጥራጭ መደርደሪያው ሄዱ። ቀለሙ ግን ተቀብቷል።