መርፌው ፊቴ ይከፈትልኝ
ለስኳርና ለኮሌስትሮል ምርመራ ደም ልሰጥ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። ወረፋው ብዙ ነው። ተራዬ ሲደርስ መርፌው ተዘጋጅቶ ትሪ ላይ ተቀምጧል። ከማሸጊያው ሲወጣ አላየሁም። ቤት ስገባ ጭንቀቱ ያዘኝ። ሌላ ሰው የተወጋበት ቢሆንስ?

በማግስቱ ተመልሼ ደም የወሰደልኝን የላብራቶሪ ባለሙያ አገኘሁት። "ወንድሜ፣ መርፌው ሲከፈት ስላላየሁ ሐሳብ ገብቶኛል፤ አሠራራችሁን ታሳየኛለህ?" አልኩት። አልተቆጣም። አዲስ መርፌ አውጥቶ አሳየኝ። ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ ደም ሥር ውስጥ ይገባል፣ ሌላው ደሙ የሚጠራቀምበትን ቱቦ ክዳን ይወጋል። የፕላስቲክ ሽፋኑ መጋጠሚያ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ሽፋኑ ሲጠመዘዝ ወረቀቱ ይቀደዳል። ወረቀቱ ቀድሞ ተቀዶ ከሆነ፣ መርፌው ይቀየርልኝ ማለት ነው። ሰው ሲበዛባቸው መርፌዎቹን አስቀድመው ከፍተው እንደሚገጣጥሙ ነገረኝ። ይሄ ልክ አይደለም፣ ታካሚው እያየ መከፈት አለበት አልኩት። ተስማማ።

ሐሳቤ ስላልለቀቀኝ ሐኪም አማከርኩ። በኤችአይቪ በተበከለ መርፌ የተወጋ ሰው እንኳ በቫይረሱ የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ሰው 3 ገደማ ነው። ያስደነገጠኝ የጉበት ቫይረስ ቢ ነው። ላልተከተበ ሰው ከኤችአይቪ በብዙ እጥፍ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ከሰውነት ውጭም ቢያንስ 7 ቀን መቆየት ይችላል። ሁላችንም ስለ ኤችአይቪ ስንጨነቅ፣ ክትባት ያለውን በሽታ ዘንግተነዋል። ሕፃናት ይከተቡታል፣ እኛ ትልልቆቹ ግን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። ተመርምሬ ነፃ ስሆን ክትባቱን ጀመርኩ።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የተበከለ መርፌ ወግቶኛል ብሎ የሚጠረጥር ሰው 72 ሰዓት ሳይሞላ ጤና ተቋም ይሂድ። ለ28 ቀን የሚወሰድ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት አለ። በቶሎ ሲጀመር ነው የሚሠራው።

ክንዴም በልዞ ነበር። መበለዝ ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም ነው፣ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። ሕመሙ እየባሰ፣ መቅላቱ እየሰፋ፣ ቦታው እየጋለ ከሄደ፣ መግል ወይም ትኩሳት ከመጣ ግን ሐኪም ማየት አለበት።

አሁን ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ "እባክሽ፣ መርፌውን ፊቴ ክፈችልኝ" እላለሁ። ጓንት መቀየሩንም አያለሁ። አልኮሉ ሳይደርቅ እንዲወጉኝ አልፈቅድም። ሲያልቅ ክንዴን ሳላጥፍ ጥጡን ለደቂቃዎች እጫናለሁ። እናቴን ስወስዳትም የምጠይቅላት እኔ ነኝ፤ እሷ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው መጠየቅ ይከብዳታል።