ከጠረጴዛው ሥር

ዛሬ ሥራ አልሠራሁም። ለጠየቀኝ ሁሉ ኮምፒዩተሬ ስለሞተ ነው ብያለሁ። ደህና ቢሆንም ኖሮ የምሠራ አይመስለኝም። ደብረ ማርቆስ በነሐሴ እንዴት እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል። ከተማዋ ከ2400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ጉሙ ረፋድ ላይ መስኮቴ ድረስ መጥቶ ይቆማል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጠው ስልክ እንኳ አይሰማም። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ያኮርፋል፤ ማንን እንዳኮረፈ ግን አያውቅም።

ከትናንት በስቲያ ማታ መብራት ሄደ። መጣ። ደግሞ ሄደ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር "ጧ!" አለ፤ ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተኝ። መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚይዝ ዩፒኤስ የለሽም ወይ እንዳትሉኝ። አለኝ። ባትሪው ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ እንደ ዲቫይደር ነው የምገለገልበት።

ጥገና ቤት ያለው ልጅ ሳጥኑን ፈታ፣ አፍንጫውን አስጠግቶ አሸተተና ራሱን ነቀነቀ። ውስጡን አሳየኝ። የጣት ጫፍ የሚያካክሉ ክብ ክብ ነገሮች ተደርድረዋል፤ የአንዳንዶቹ አናት እንደ ድፎ ዳቦ አብጧል። አንዷ ፈንድታለች። "ፓወር ሰፕላዩ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ ማዘርቦርዱንም ይዞት ሄዷል እህቴ" አለኝ። ከዚያ ለቅሶ ቤት እንደመጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ሞኒተርሽ ግን ደህና ነው" አለ።

ጣጣዬ የመጣው ከዚህ "ግን" ነው። ሁለቱም ቢሞቱ ኖሮ አልቅሼ፣ ተበድሬ አዲስ እገዛ ነበር። አሁን ግን ደህና ሞኒተር ያላት፣ ኮምፒዩተር የሌላት ሴት ሆኛለሁ። እማየ ስለ ፍልሰታ ጾም ልትጠይቀኝ ስትደውል ነገርኳት። "ቴሌቪዥኑ ደህና ከሆነ ሌላው ምን ያደርግልሻል?" አለችኝ።

ልጁ መደርደሪያው ላይ አንድ ኦል ኢን ዋን አለው፤ ስክሪኑና ኮምፒዩተሩ አንድ ዕቃ የሆነ። 24 ኢንች ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ነጭ፣ ቀጭን። ጎኑን እያዞረ ሲያሳየኝ በግ የሚያሻሽጥ ደላላ ነው የመሰለኝ። ሳጥን የለው፣ የገመድ ጫካ የለው፤ አንድ ገመድ ግድግዳው ላይ ሰክቶ መቀመጥ ነው። ሐቁን ለመናገር ለእንደኔ ዓይነቷ ምክንያትም አለው። ውስጡ ያለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ የላፕቶፕ ዓይነት ስለሆነ መብራት ብዙ አይበላም፤ ስለዚህ ትንሽ ዩፒኤስም ብትሆን ረዘም ላለ ጊዜ ትይዘዋለች። ሦስት ገጽ ተርጉሞ ሳያስቀምጥ መብራት የሄደበት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ሌላው አማራጭ ሞኒተሬን ይዤ ያገለገለ ሲፒዩ መግዛት ነው። (ሲፒዩ የምንለው ሳጥኑን ነው መቼም። እውነተኛው ሲፒዩ ውስጡ ያለችው፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ቁራጭ ናት። ልጁ ነቅሎ አሳየኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ሳጥኑን ስጠራ እሷን መጥራቴ ነበር።)

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ነገሩን ሲሰማ ስልኩ ላይ ትምህርት ከፈተ። እሱ አፕል ያልሆነ ነገር ዕቃ አይመስለውም። በፈረንጆቹ 1998 የወጣው የመጀመሪያው አይማክ ስክሪኑም ኮምፒዩተሩም አንድ ላይ ሆኖ፣ አናቱ ላይ እጀታ ነበረው አለኝ። እጀታው አያታልላችሁ፤ ክብደቱ 17 ኪሎ ያህል ነው። ከዚያ ደግሞ በ2005 የመጣችው ማክ ሚኒ ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ከየቤታችሁ አምጡ ተብላ ነው የተሸጠችው። ይህቺን ወደድኳት። የእንጀራ አገልግላችሁን ይዛችሁ ኑ እንደሚባልበት ድግስ።

"ስለዚህ የትኛውን ልግዛ?" አልኩት።

"እሱማ ባንቺ ነው" አለኝ። ሃያ ደቂቃ አውርቶ።

አንድ የሚጠቅም ነገር ግን ነግሮኛል። በፈረንጆቹ 2014 የመጣው ባለ 27 ኢንች 5ኬ አይማክ ስክሪኑ እጅግ ግሩም ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲያረጅ ግን ገመድ ሰክተህ ለሌላ ማሽን ሞኒተር ልታደርገው አትችልም። ከእሱ በፊት ከነበሩት አንዳንዶቹ ይችሉ ነበር። ብዙዎቹ ኦል ኢን ዋኖችም እንዲሁ ናቸው፤ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ቢኖራቸው እንኳ ምስል ያወጣል እንጂ አያስገባም። አንጎሉ ሲሞት ዓይኑ ደህና ሆኖ አብሮ ይቀበራል ማለት ነው።

ይህንን ለልጁ ብነግረው ቅር አለው። የኦል ኢን ዋኑን ጀርባ መታ መታ አድርጎ፣ "ሁሉም እዚሁ ነው ያለ፤ ውጭ የቀረ ምንም የለ" አለኝ።

ይሄኔ የአያቴ ቤት ትዝ አለኝ።

የድሮው ሣር ቤቷን ማለቴ ነው፤ ከጮቄ ተራራ ግርጌ። እዚያ ውጭ የቀረ ምንም አልነበረም። በሩን እንዳለፍን በግራ ጋጣው፣ መሐል ላይ ምድጃው፣ ግድግዳውን ተጠግቶ መደቡ፣ ከመደቡ ማዶ የገብሱ ጎታ፣ ከላይ ቆጡ ላይ ዶሮዎቹ። ማገሩ በጥቀርሻ ጠቁሮ ያብረቀርቃል። ክረምት ክረምት እዚያ ስንላክ እኔ የምተኛው በጋጣው በኩል ባለው የመደቡ ጫፍ ነበር። ሌሊት ስነቃ ላሟ ስታመነዥክ ይሰማኛል፤ ደግሞ ቆም ትልና በረጅሙ ትተነፍሳለች። ትንፋሿ እግሬ ድረስ ይመጣል፤ ሞቅ ያለ፣ ሣር ሣር የሚል። ጮቄ እኮ ከ4000 ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ የሚወርደው ብርድ ጋቢ አያውቅም። እኔ ግን በርዶኝ አያውቅም ነበር።

በኋላ አጎቶቼ ቆርቆሮ ቤት ሠሩላት። ከብቱ ለብቻው በረት፣ ማድ ቤቱ ለብቻው፣ እህሉም ለብቻው። አጎቶቼ ልክ ነበሩ። ከዚያ በፊት በነበረው በጋ የጎረቤት ሣር ቤት ተቃጥሎ፣ እህሉም ጥጃውም ልብሱም በአንድ ምሽት አመድ ሆኗል። አገሬው እንጨትና ሣር አዋጥቶ በደቦ ሠራላቸው፤ ጥጃውን ግን ማን ይሠራዋል?

አያቴ አዲሱ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት እንኳ አልሞላትም። "ቤቱስ አምሯል፤ የሚተነፍስ ነገር የለውም እንጂ" ትል ነበር። ከዚያ ማድ ቤት መተኛት ጀመረች። ስንጠይቃት ድመቷ ወጥ እንዳትደፋ ነው ትላለች። በዚያን ጊዜ ደግሞ ድመት አልነበራትም።

እኔም አሁን ያለሁበትን ቤት ዞር ብዬ አየሁት። አንድ ክፍል ኪራይ ነው። አልጋው፣ ስቶቩ፣ መጽሐፉ፣ ጠረጴዛው፣ ሽንኩርቱ፣ መሥሪያ ቤቴ፣ ሁሉም እዚሁ ነው ያለ። ከላሟ በቀር። እዚህ ተቀምጬ ነው እንግዲህ ሁሉን በአንድ የያዘ ነገር ልግዛ አልግዛ እያልኩ ሁለት ቀን የማላመጠው።

ሞኒተሩ እስካሁን በጋዜጣ የተጠቀለለ ጡብ ላይ ተቀምጧል፤ ለዓይኔ ልክ እንዲሆን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ሲጠፋ ፊቴን ያሳያል። ዛሬ ፀጉሬን አየሁበት። ያሰብኩትን ሁሉ አስቤ ልጽፍ ስቀመጥ ደግሞ አንድ ነገር ቅር አለኝ፤ ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባኝም። ካልሲ ደረብኩ። ጋቢ ደረብኩ። ጠረጴዛው ሥር እግሬን ዘረጋሁ፣ መለስኩ፣ ደግሞ ዘረጋሁ።

ሳጥኑ ነው። ለካ ይህን ሁሉ ክረምት እግሬን የማሳርፈው ከሳጥኑ ጀርባ፣ ማራገቢያው ከሚተነፍስበት ላይ ነበር።

ሲመሽ ልጁ ደወለ። "እህቴ፣ ወሰንሽ? ሰው እየጠየቀኝ ነው" አለ። ሰው የጠየቀው አይመስለኝም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አልኩት። "ያ ነጩ፣ ይሞቃል?"

"ኧረ አይሞቅም! በሱ በኩል ሐሳብ አይግባሽ።"

"እግርም አያሞቅ?"

ዝም አለ። ዝናቡ መስሎት ነው መሰለኝ "ሄሎ? ሄሎ?" አለ። ደገምኩለት።

"እህቴ" አለኝ በመጨረሻ፣ "ለሱ ካልሲ ይሻልሻል።"

ካልሲማ ሁለት ደርቤያለሁ።